ለመሣሪያው መጀመሪያ ኅብረ ቃል ፈልጉለት

ልጆቼ፣ ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ ጠረጴዛ ከባችሁ ዳይስ እየጣላችሁ ለምትጫወቱት የሚና ጨዋታ አስማታዊ መሣሪያ ስትፈጥሩ አብዛኛው ስህተት ከአንድ ቦታ ይነሳል። ቁጥሩ ይቀድምና ስሙ በኋላ ይለጠፍበታል። «የእሳት ጎራዴ፣ ሲደመር 2» (በዳይሱ ውጤት ላይ 2 የሚጨምር ማለት ነው) ተብሎ ይጻፋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ተጫዋቹ ሲደመር 2ቱን ብቻ ያስታውሳል።

የጎጃም ልጅ መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የተዘረፈው ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሁለቱን የሚያስተሳስረው ኅብረ ቃሉ ነው። የመሣሪያው ሰም ተጫዋቹ የሚያየው ብረት፣ እጀታና ስም ነው። ወርቁ ዳይስ ሲወድቅ የሚሠራው ሕግ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚሸከም አንድ ቃል ሳታገኙ እርሳስ አታንሡ።

የጢስ ዓባይን ጦር እንሥራ። ኅብረ ቃሉ «ጢስ» ነው። ፏፏቴው በክረምት ያገሳል፣ በበጋ ይሳሳል፤ ሕጉም ከዚያው ይቀዳ። ጦሩ 3 ጉልበት ይይዛል። ባለቤቱ ጠላት ሲመታ፣ ከፈለገ 1 ጉልበት ከፍሎ በተመታው ዙሪያ እስከ 10 ጫማ፣ ማለትም በጨዋታው ሰሌዳ ላይ እስከ 2 ካሬ ርቀት፣ ጥቅጥቅ ያለ ጉም ያስነሳል። ጉሙ እስከ ባለቤቱ ቀጣይ ተራ ይቆያል። ሌሊቱን ከወራጅ ውኃ አጠገብ ካደረ ጎህ ሲቀድ 3ቱም ጉልበት ይመለሳል፤ በደረቅ ምድር ካደረ 1 ብቻ። ጦሩን የጢስ ዓባይ የምታደርገው ይህች የመጨረሻዋ ሕግ ናት፤ ቡድኑ የት እንደሚያድር መከራከር የሚጀምረው በእሷ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው የሚና ጨዋታ 5ኛ እትም፣ መቺና ተመቺ ካልተያዩ የመቺው ብልጫ (ሁለት ዳይስ ጥሎ ከፍተኛውን መውሰድ) እና የራሱ ጉድለት (ሁለት ጥሎ ዝቅተኛውን መውሰድ) ይጣፋሉና ዳይሱ እንደ ወትሮው ይጣላል። ጉም የለበሰ ሰው አይመታም ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የጉሙ ጥቅም ከጠላት ሥር ሳይመቱ ሾልኮ ለመውጣትና ዒላማን ማየት የሚጠይቁ ድግምቶችን ለማክሸፍ ነው። ይህን በካርዱ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ አለዚያ በጨዋታው መሀል ጭቅጭቅ ይሆናል። ጉሙ ወዳጅንም ያሳውራል፤ እሱን አታርሙት፣ ዋጋው ነው።

ጉዳቱን አትንኩ። ጦር በአንድ እጅ ባለ 6፣ በሁለት እጅ ባለ 8 ገጽ ዳይስ ነው፤ ይበቃዋል። በእያንዳንዱ ምት አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ መጨመር ትንሽ ይመስላል፤ እስቲ አስሉት። አማካዩ 3.5 ነው። በተራው 2 ጊዜ የሚሰነዝርና ከመቶ 60 የሚሳካለት ተዋጊ በየተራው 4.2፣ በ4 ዙር ወደ 17 የሚጠጋ ጉዳት ያለ ምንም ዋጋ ያገኛል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ተመልካች ይሆናል። የግድ ከፈለጋችሁት «በተራ አንድ ጊዜ ብቻ» በሉ። ሲደመር 1 ደግሞ በባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ የመምታት ዕድልን በ5 ከመቶ ከፍ ያደርጋል፤ ሲደመር 3 ደግሞ በ15። ለጀማሪ ቡድን ሲደመር 3 አትስጡ።

የተደበቀ ኃይል ማኖር መልካም ነው፤ ግን ወርቁ ከሰሙ ሊወጣ የሚችል ይሁን። የጦሩ ጫፍ በበጋም ወዝቶ ይገኛል ብላችሁ በመግለጫው ካስቀመጣችሁ፣ ውኃ አጠገብ የማደሩን ነገር ተጫዋቹ ራሱ ይደርስበታል። የጨዋታው መሪ ብቻ የሚያውቀው ምሥጢር ማንም ሳያገኘው ይቀራል።

ኃይሉ ከበረታ ባለቤቱ ከመሣሪያው ጋር እንዲዋሃድ፣ ማለትም ኃይሉን ለመጠቀም ራሱን ከዕቃው ጋር እንዲያስተሳስር፣ አስገድዱት፤ በዚያው እትም አንድ ሰው ከ3 በላይ ዕቃ መዋሃድ አይችልምና ምርጫ ውስጥ ይገባል።

ከመስጠታችሁ በፊት በ3 ውጊያ ፈትኑት፦ አንዱን ወንዝ ዳር፣ አንዱን ደረቅ ሜዳ ላይ፣ አንዱን ከሩቅ ከሚወጋ ጠላት ጋር። በሦስቱም ጉልበቱ ካልተነካ ሕጉ ጠቧል፤ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ዙር ካለቀ ረክሷል። ከዚያ መሣሪያውን ከ50 በማይበልጥ ቃል ካርድ ላይ ጻፉና አይቶት ለማያውቅ ጓደኛ አንብቡለት። ጓደኛችሁ ሁለት ጥያቄ ከጠየቀ አንድ ሕግ ቀንሱ።