ሣጥኑን ሳይሆን ባቡሩን እወቁት

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ሙሉ በማሽን ሙያ ነው የኖርኩት። እንግሊዝ አገር ከገባሁ ወዲህ ደግሞ ከሥራ መልስ የማርፈው የድሮ የእንፋሎት ባቡር ሞዴሎችን በመሰብሰብና በመጠገን ነው። ሰሞኑን ሁለት ሦስታችሁ «ጋሼ፣ የቱን ብንገዛ ይሻላል?» ብላችሁኛል። ስለ ዋጋ ከማውራታችን በፊት ስለ አንድ ባቡር ላጫውታችሁ።

ማላርድ ይባላል፣ ቁጥሩ 4468። ሰር ናይጀል ግሬስሊ ነድፎት፣ ዶንካስተር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1938 ተሠራ። በዚያው ዓመት ጁላይ 3 ቀን ጆ ዳዲንግተን የሚባል ሾፌር ከግራንታም ወደ ፒተርቦሮ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ በሰዓት 126 ማይል አበረረው፤ 203 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። ይህ የእንፋሎት ባቡር ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ባቡሩ ሦስት ሲሊንደር አለው። ሁለቱ ከውጭ ይታያሉ፣ አንዱ መሐል ተደብቋል። የመሐለኛው ኩሽኔታ ከመጠን በላይ ሲግል ፈንድቶ በሚለቀው ጠረን ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ ብልቃጥ ነበረው። ያን ቀን ኩሽኔታው ግሎ ባቡሩ ፒተርቦሮ ላይ ከጉዞው ወጥቶ በሌላ ተተካ።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ነገር አይደለም። ማላርድ ሲሠራ መንኮራኩሮቹን ከጎን የሚሸፍን የቆርቆሮ ቀሚስ ነበረው። በጦርነቱ ጊዜ ለጥገና እንዲመች ተነሣ። 60022 የሚለውን ቁጥር ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ቀሚሱ የተመለሰለት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለሙዚየም ሲታደስ፣ ከቀድሞ ቁጥሩ ጋር ነው። ስለዚህ 60022 የተጻፈበት ባለቀሚስ ማላርድ ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው ያልነበረ ባቡር ነው የያዘው። ታሪኩን የሚያውቅ ዓይን ይህን በአንድ አፍታ ይለየዋል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከዓመታት በፊት ገበያ ላይ አንድ የቆየ ሞዴል አየሁ። ቀለሙ እንደ አዲስ ያበራል፣ ሣጥኑም አለ። ገልብጬ እንኳ ሳላየው ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ሁለቱን ብሎኖች ፈትቼ ስከፍተው ሻሲው አብጦ ጎብጧል። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አላገኘሁም። ብዙዎቹ የድሮ ሻሲዎች ማዛክ ከሚባል የዚንክ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። በቅይጡ ውስጥ ትንሽ እርሳስ ከገባ ብረቱ ዓመታት ቆይቶ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ገልብጡት። ሻሲው ላይ ማስመሪያ አስጠግታችሁ ቀጥ ማለቱን እዩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ፈልጉ። ሻጩንም ሀዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እንዲያስኬድላችሁ ጠይቁት። እምቢ ካለ ተዉት።

«ውሱን እትም» የሚል የምስክር ወረቀት አያጓጓችሁ። ነገ አምራቹ የተሻለ ሞዴል ሊያወጣ ይችላል፣ ያኔ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። በእንግሊዝ የተለመደው ሞዴል ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያንሳል፣ ሀዲዱ ግን ከዚያም ይጠባል። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 18.83 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 16.5 ነው። የእንግሊዝ ባቡሮች ከአውሮፓዎቹ ስለሚያንሱ የዚያን ዘመን ሞተር አካላቸው ውስጥ አልገባ አለ። ሠሪዎቹ አካሉን አተለቁት፣ ሀዲዱን እንዳለ ተዉት። ከፊት ለፊት ስታዩት እግሮቹ ጠበብ ብለው የቆሙ የሚመስሉት ለዚህ ነው። እኔ ይህን ጉድለት ከልቤ እወደዋለሁ።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ አትቅበሩት። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሞዴል ዘይቱ ይረጋል። አልፎ አልፎ አስኪዱት። ዘይት በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ይበቃዋል፣ ሲበዛ ሀዲዱ ላይ ወርዶ ያንሸራትተዋል። ፀሐይ ቀለሙን ስለምታደበዝዘው ከመስኮት አርቁት።

ከሁሉ በፊት ግን ዮርክ ከተማ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ሂዱ። ማላርድ እዚያ ቆሟል። ሞዴሉ ላይ 27 ሚሊ ሜትር የማይሞላው ዋናው መንኮራኩር እዚያ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። አጠገቡ ቁሙና ቁመታችሁን ለኩ። ቀኑን ስትወስኑ ደውሉልኝ፣ አብሬያችሁ እመጣለሁ።