ባሕሩ የት ሄደ? ስለ ዲያኒና ሞምባሳ ለጠየቃችሁኝ

ገና ሲቃረብ የመልእክት ሳጥኔ በባሕር ጥያቄ ይሞላል። ዘንድሮ አብዛኛው ስለ ኬንያዋ የወደብ ከተማ ሞምባሳና ከእሷ በስተደቡብ ስላለችው የባሕር ዳርቻ ዲያኒ ነው። እውነትም ቅርብ ነው፤ ከቦሌ በቀጥታ ከተበረረ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አምና ዲያኒ ሄጄ ነበር። ጠዋት ስነሣ ባሕሩ የለም! ፎቶው ላይ ያየሁት ሰማያዊ ውሃ ነበር፣ ያገኘሁት ግን እርጥብ አሸዋና ድንጋይ። ተሸውጄ ነው?

መልስ፦ አልተሸወድሽም። ባሕሩ ሸሽቶ ነው። በላንጋኖና በሐዋሳ ላደግን ሰዎች ይሄ ነገር ግራ ያጋባል። ሐይቅን ማታ ትተሽው በሄድሽበት ጠዋት ታገኚዋለሽ። የሕንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከሙላቱ እስከ ሽሽቱ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ ደግሞ ይብሳል፤ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት ሜትር ያልፋል።

ስለዚህ ሆቴል እንደገባሽ፣ ከዋይፋዩ ፓስዎርድ በፊት የውሃውን ሰዓት ጠይቂ። መዋኘት ሲሞላ ነው። ሲሸሽ ደግሞ ቀርቶብሽ አይደለም፤ ሌላ ነገር ተከፍቶልሽ ነው። ድንጋዮቹ መሐል ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። ጎንበስ ብለሽ ስታዪ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ ሸርጣኖች፣ ባለ አምስት ክንድ የባሕር ኮከብ፣ መውጫ የጠፋባቸው ባለ መስመር ዓሣዎች። የሰፈሩ ሰዎች ብረት ይዘው ድንጋይ ሥር ኦክቶፐስ ሲፈልጉ ታያለሽ።

በባዶ እግርሽ ግን አትሞክሪው። እኔ ሞክሬው የባሕር ጃርት ረገጥኩ። ጥቁር፣ ክብ፣ ዙሪያውን መርፌ የሆነ ፍጡር ነው። እሾሁ ሥጋ ውስጥ ይሰበራል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳቁን እየዋጠ ጥሬ ፓፓያ ሰንጥቆ ወተቱን ቀባልኝ። ሁለት ቀን እያነከስኩ ከረምኩ። ሶሉ ወፈር ያለ ሰንደል ያዢ።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም። እዚያ ድረስ ሄጄ ወንበር ላይ ልቀመጥ ነው?

መልስ፦ ግማሻችን አንችልም፣ አትፈር። ከዲያኒ ዳርቻ ራቅ ብሎ የኮራል ድንጋይ እንደ አጥር ተዘርግቷል። ትልቁ ሞገድ እዚያ ላይ ይሰበርና ወደ ዳር ያለው ውሃ ረጋ ይላል። ወገብህ ድረስ ገብተህ ብትዘፈዘፍ የሚጠይቅህ የለም።

ከዚያ ያለፈውን ማየት ከፈለግህ ከዲያኒ በስተደቡብ ወዳለችው የባሕር ዳር መንደር ወደ ሺሞኒ ውረድ። ከዚያ በጀልባ ወደ ኪሲቴ ይኬዳል፤ የተከለለ የባሕር ፓርክ ነው። ከቀናህ ዶልፊን ታያለህ። ላይፍ ጃኬት ለብሰህ፣ መነጽሩን አድርገህ ፊትህን ብቻ ውሃ ውስጥ ብትነክር የታችኛው ዓለም ይታይሃል። ጀርባህን ግን ሸፍን። «እኛን ጥቁሮቹን ፀሐይ አያቃጥለንም» ያለኝ ጓደኛዬ ሦስት ሌሊት በሆዱ ነው የተኛው።

ጥያቄ፦ ጀልባ ከዚህ ሆኜ በስልክ ባስይዝ ችግር አለው?

መልስ፦ የለውም፤ ሰዓቱን ብቻ ሁለቴ አረጋግጥ። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርህ። ጀልባ ነጂው በእንግሊዝኛ «ነገ 3 ሰዓት» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ወደኛ አቆጣጠር ቀየርኩት፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ምሳዬን በልቼ ተዝናንቼ ብሄድ ጀልባው ጠዋት ሄዷል። ለካ ስዋሂሊም እንደኛው ነው የሚቆጥረው! ቀኑ ሲነጋ ይጀምራል፤ «ሳ ታቱ» ማለት የኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሰውየው በልቡ በስዋሂሊ ቆጥሮ በእንግሊዝኛ ጻፈው። በዓለም ላይ ያለ ምንም ማብራሪያ ሊግባቡ የሚችሉ ሁለት ሰዎች በእንግሊዝኛ ምክንያት ተላለፍን።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ነው የምሄደው። የነቢያት ጾም ላይ ናት፣ ዓሣም አትበላም። ምን ትብላ?

መልስ፦ እማማ ከሁላችሁም በላይ ነው የምትጠግበው። የባሕር ዳርቻው ምግብ ግማሹ በኮኮናት ወተት ነው የሚሠራው። «ማሃራግዌ» ባቄላ መሰል ቀይ ቦሎቄ ነው፣ «ምባዚ» የርግብ አተር ነው፤ ሁለቱም በኮኮናት ይንተከተካሉ። በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝም አለ። «ማሃምሪ» የሚሉት ጥብስ ሊጥ ሄል ሄል ይሸታል፣ ከሻይ ጋር ልክ ነው። አንዳንዱ ግን እንቁላል ወይም ወተት ይጨምርበታልና ጠይቁ። ሻይውንም እንዲሁ፤ ዝም ካሉ በወተት ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ጦጣ በረንዳ ላይ ይመጣል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይመጣል። ሙዝሽንም ይወስዳል። በር ክፍት አትተዪ፣ ምግብም አትስጪው። ዲያኒ ላይ ከሌቦቹ ይልቅ ቀና ብለሽ ጉሬዛዎቹን ፈልጊ። ከኛዎቹ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ጥቁር ሆነው ትከሻቸው ላይ ነጭ ጸጉር ይንዠረገጋል። መኪና እንዳይገጫቸው በአስፋልቱ ላይ ከዛፍ ዛፍ የገመድ መሰላል ተወጥሮላቸዋል። ሲሻገሩ ማየት ከሆቴሉ መዝናኛ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ብሄድስ?

መልስ፦ ሚያዝያና ግንቦት የዝናባቸው ወቅት ነው። ሆቴሉ ይረክሳል፣ ባሕሩ ይደፈርሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ውሃው ጥርት ይላል፣ ሙቀቱና ዋጋው ግን ያስለቅሳል። የኛ ክረምት ለነሱ ነፋሻና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ አልጠላውም።

ጥያቄ፦ ስሄድ የሚረሳ ነገር ካለ ንገረኝ።

መልስ፦ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ሌላው ፌስታል ነው፤ አትያዙ! ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ከልክላዋለች። ጫማ የጠቀለላችሁበትን ሳይቀር ከሻንጣ አውጡ። ስትመለሱ ደግሞ ዛጎልና ኮራል ለቅማችሁ አትምጡ። ስጦታ ከፈለጋችሁ «ካንጋ» ግዙ፤ ጥንድ ሆኖ የሚሸጥ ባለ ቀለም ጨርቅ ነው፣ ግርጌው ላይ በስዋሂሊ አባባል ተጽፎበታል። ለአማት ከመስጠታችሁ በፊት ግን አስተርጉሙት፤ አንዳንዱ የጎረቤት ሽሙጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሞምባሳ ከተማ ላይ ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው።

መልስ፦ ሞይ ጎዳና ላይ ያሉትን ትልልቅ የአሉሚኒየም የዝሆን ጥርሶች ፎቶ አንሥተህ እለፍ፣ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ጊዜህን ለፎርት ጂሰስ ስጥ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 የጀመሩት ምሽግ ነው። ኦማኖች ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከብበውት በ1698 ያዙት። በጠዋት ግባ፣ ረፋዱ ላይ ግንቡ እንደ ምጣድ ይግላል። ስትወጣ አሮጌው ከተማ አጠገብህ ነው፤ የተቀረጹ የእንጨት በሮቹን እያየህ በጠባቡ መንገድ ዙር።

ወደ ማታ ላይትሃውስ ወደሚባለው የባሕር ዳር ውረድ። ካሳቫ በከሰል ይጠብሱና መሐሉን ሰንጥቀው ሎሚ ይጨምቁበታል፣ ሚጥሚጣ የመሰለ በርበሬና ጨው ይነሰንሱበታል። በጋዜጣ ጠቅልለው ነው የሚሰጡህ። ግንቡ ላይ ተቀመጥና መርከቦቹ ወደ ወደቡ ሲገቡ እያየህ ብላ።