«አልተጫነም» ወይስ «አልተገኘም»?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ዊንዶውስ ላይ የሲ ኮምፓይለር (በሲ የተጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም) እንዲያዘጋጁ በአማርኛ የጻፍኩትን መመሪያ ልኬልዎታለሁ። የኮምፓይለሩን ስም «ጂሲሲ» ብለው ሲጽፉ ኮምፒዩተሩ ትእዛዙን አላውቀውም ካለ «ኮምፓይለሩ አልተጫነም ማለት ነው» ብያለሁ። ባልደረባዬ ግን «አልተገኘም» በል ይሉኛል። ደግሞስ ኮምፓይለርን «አጠናቃሪ» ልበለው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። «አልተጫነም» የተባለ ተማሪ መጫኛውን እንደገና ያወርዳል፤ የዳታ ጥቅሉ ያልቃል፤ ስሕተቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። መልእክቱ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፦ ፓዝ በተባለው ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ፈልጌ በዚህ ስም የሚጠራ ፕሮግራም አጣሁ ነው የሚለው። ኮምፓይለሩ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ኤምኤስዋይኤስ2 በተባለው የፕሮግራም ማከፋፈያ በኩል ዩሲአርቲ የሚባለውን የጂሲሲ ዓይነት ከጫኑ፣ ሌላ ቦታ ካልመረጡ በቀር፣ ሲ ድራይቭ ላይ ኤምኤስዋይኤስ64፣ በውስጡ ዩሲአርቲ64፣ በውስጡ ቢን የሚለው ፎልደር ውስጥ ያገኙታል። ያንን አድራሻ ፓዝ ላይ ይጨምሩና የትእዛዝ መስኮቱን ዘግተው አዲስ ይክፈቱ፤ አሮጌው መስኮት የሚያውቀው ሲከፈት የነበረውን ፓዝ ነውና። «ዌር ጂሲሲ» ሲባል አድራሻ ከመለሰ ተገኝቷል። ፓወርሼል በተባለው ሌላው የትእዛዝ መስኮት ላይ ግን «ዌር» ሌላ ትእዛዝ ስለሆነ «ዌር ዶት ኢኤክስኢ» ተብሎ መጻፍ አለበት። የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር «ሲኤል» ደግሞ በወጉ ተጭኖ እንኳ በተራው መስኮት አይገኝም፤ ራሱን ፓዝ ውስጥ ስለማያስገባ ከቪዥዋል ስቱዲዮ ጋር የሚመጣውን ዴቨሎፐር ኮማንድ ፕሮምፕት የተባለ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል።

ከዚህ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ መመሪያዎ ውስጥ ያለው ይህ ነው፦ «ኔክስትን ይጫኑ፤ እስኪጫን ይጠብቁ፤ ከተጫነ በኋላ ፊኒሽን ይጫኑ።» አንድ ግስ አራት ጊዜ፣ በሁለት ትርጉም! «ጫነ» የግእዙ «ጸዐነ» ነው። «ጼው» «ጨው» እንደሆነ ሁሉ ጸ ወደ ጨ ዞሯል፤ «ሠዐለ» «ሳለ» ሲሆን እንደጠፋው የጉሮሮው ዐ እዚህም ጠፍቷል። በግእዝ «ተጽዕነ» ፈረስ ላይ ወጣ፣ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ክብደትን በላይ ማሳረፍ። ጣት ቁልፍ ላይ ሲያርፍ «ተጫነ» መባሉ ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። እንግዲህ «ፕሮግራሙ ተጫነ» ተገብሮ ነው፤ «ቁልፉን ተጫነ» ደግሞ ተሻጋሪ። ቅርጻቸው ግን አንድ ነው፤ «ይጫናል» ሲባል በሁለቱም ጨ ይጠብቃልና ማጥበቅና ማላላት አይለያቸውም። ያለን ምልክት የተሳቢዋ «ን» ብቻ ናት፤ እሷም በችኮላ ጽሑፍ ትዘለላለች። በአዳማ ክፍልዎ ያሉ የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ ጭነቱን «ፌኡ»፣ ቁልፉን «ጩቃሱ» ብለው ይለዩታል። እኔ ለቁልፍ «ይንኩ» እላለሁ። የሚነካው የስልክ መስታወት ነው፣ ቁልፍ ግን ይጫኑታል ብሎ የሚከራከር አለ፤ መዝገበ ቃላቱም ሳይደግፈው አይቀርም፣ ጆሮዬ ግን እምቢ ብሏል። ወጣቶቹ «ኢንስቶል አድርግ» ማለታቸውን አልወደውም፤ ሆኖም ከዚህ መደናገር ያመለጡት እነሱ ናቸው።

ወደ «አጠናቃሪ» ልምጣ። ባዕድ ቃል አይግባ የሚሉ ወገኖች አጥብቀው ይዘውታል። ማጠናቀር የተበተነውን ሰብስቦ ማቀናበር ነው፤ ዜና ይጠናቀራል፣ ዘገባ ይጠናቀራል። ኮምፓይለር ግን በሲ የተጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ ይመልሳል፤ ሥራው ትርጉም ነው። እነዚሁ ወገኖች ቢያውቁት የሚጠቅማቸውን ነገር እኔው ልንገራቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካዊቷ የኮምፒዩተር ሊቅ ግሬስ ሆፐር የሠራችው ኤ-ዜሮ የተባለ ፕሮግራም ኮምፓይለር ሲባል፣ በእርግጥም ቴፕ ላይ የተቀመጡ ንዑስ ፕሮግራሞችን እየሰበሰበ ያገጣጥም ነበር። ስሙ ያኔ ለግብሩ ልክ ነበር። ዛሬ ያ ሥራ ሊንከር የተባለው ሌላ ፕሮግራም ድርሻ ነው፤ «አጠናቃሪ»ን መስጠት ካማረን ለእሱ እንስጠው። ለኮምፓይለር «ተርጓሚ» ቢባል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ኢንተርፕሪተር (ፕሮግራሙን እያነበበ ወዲያው የሚያስፈጽመው) ቀድሞ ወስዶታል፣ «ኮምፓይል አደረገ»ም በየላቦራቶሪው ሥር ሰዷል። ኮምፓይለር ይበሉ።

ሊንከርን ለይቶ መጥራት ግን ግድ ነው። ከዊንዶውስ ውጪ፣ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ላይ የካሬ ሥር የሚያሰላ ፕሮግራም «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» የሚል ስሕተት ካመጣ ኮምፓይለሩ ሥራውን ጨርሷል፤ ሊንከሩ ያጣው የሒሳብ ላይብረሪውን፣ ማለትም ተዘጋጅተው የተቀመጡትን የስሌት ንዑስ ፕሮግራሞች ነው። «-ኤልኤም» የሚለውን ከምንጭ ፋይሉ ስም በኋላ፣ በመስመሩ መጨረሻ ይጨምሩ፤ ከፊት ከገባ ላይሠራ ይችላል። እዚህ ላይ «አልተያያዘም» ብለው ይጻፉ። ጂሲሲ እያለ «ስቲዲዮ ዶት ኤች የሚባል ፋይል የለም» የሚል ከመጣ ግን ፕሮግራሙ መጀመሪያው ላይ የሚጠራቸው ራስጌ ፋይሎች ከነጭራሹ አልገቡም፤ መድኃኒቱ የኡቡንቱ መጫኛ በሆነው «አፕት» «ቢልድ-ኢሴንሻል» የተባለውን ጥቅል መጫን ነው። የእርስዎ «አልተጫነም» ቦታው እዚህ ነው።