ሦስት ልጅና አንድ ውሻ የሚይዝ መኪና፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለን ሰዎች መኪና ልንገዛ ስናስብ ሻጭ ጋ ከመሄዳችን በፊት የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን። እኔ ጋ ብዙ ስልክ ይመጣል። 11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ አሁን ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ 70 ፓውንድ የምትመዝን ውሻም አለችን። ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ? ልጆቼ 8፣ 5 እና 1 ዓመታቸው ነው። ውሻ ካልመጣ ብለው ስላስጨነቁን አንድ ላብራዶር ወሰድን። ያለን ካምሪ ነው። ባለቤቴ ሃይላንደር የሚባለውን የቶዮታ ኤስዩቪ እንግዛ ይላል፤ ሚኒቫን ግን አልነዳም ብሏል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሚኒቫን ግዙ። የባለቤትሽ ስሜት ይገባኛል፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ ብዬ ነበር። ግን ቁጥሩን አሳዪው። ከ2020 ሞዴል ወዲህ ያለው ሃይላንደር ሦስተኛው ረድፍ ተዘርግቶ ከኋላው የሚተርፈው ቦታ 16 ኪዩቢክ ጫማ ነው። ከ2021 ወዲህ ያለው የቶዮታ ሚኒቫን፣ ሲየና፣ 33.5 አለው። ከ2011 እስከ 2020 ያለው ደግሞ 39 ገደማ። በሰው ቋንቋ ልንገርሽ፦ ሃይላንደሩ ላይ የልጅ ጋሪውን አጥፈሽ ካስገባሽ፣ የኮስኮውን ዕቃ ጭነሽ ውሻውን የት ታደርጊዋለሽ?

ሌላው በሩ ነው። መካከለኛው ልጄ 5 ዓመቱ እያለ የኋላውን በር በርግዶ አጠገባችን የቆመ መኪና ላይ አሳረፈው። ጭረቱ የጣት ርዝመት ቢሆን ነው። 600 ዶላር ከፈልኩ። የሚኒቫን በር ወደ ጎን ስለሚንሸራተት ጠባብ ቦታ ብትቆሚም ልጅሽን ካርሲት (የልጅ መቀመጫ) ላይ ስታስሪ ወገብሽ አይጎዳም። ወለሉም ዝቅ ያለ ነው። ያረጀ ውሻ ሳይቀር ራሱ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እጄ ላይ 12 ሺህ ዶላር አለ። የትኛውን ዓመት ልፈልግ?

መልስ፦ በዚህ ገንዘብ ከ100 ሺህ ማይል በላይ የሄደ መኪና ነው የምታገኘው፤ አትደንግጥ። ሲየና ከሆነ ከ2011 ወዲህ ያለውን እይ። ባለ 3.5 ሊትር ሞተሩ በሰንሰለት ነው የሚሠራው፤ ታይሚንግ ቤልት የሚባለው የጎማ ቀበቶ የለውም። የሆንዳው ሚኒቫን ኦዲሲ ግን ቤልት አለው። 100 ሺህ ማይል አካባቢ መቀየር አለበት። ቤልቱ እየሄድክ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ 110 ሺህ የሄደ ኦዲሲ ካየህ "ቤልቱ የተቀየረበትን ደረሰኝ አሳየኝ" በል። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለህ አስብና የመቀየሪያውን ዋጋ ከመኪናው ላይ አስቀንስ።

ዶጅ ግራንድ ካራቫን ከሁለቱም ረከስ ይላል። ምርቱ በ2020 ቆሟል። አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ በብዙዎቹ ላይ የሁለተኛው ረድፍ ወንበር ታጥፎ ወለሉ ውስጥ ይገባል። ውሻ ላለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ወንበሩ ግን ሳሳ ያለ ስለሆነ እናትህን ኒውዮርክ ድረስ አትውሰድበት።

ልጆችህ ሁለት ብቻ ከሆኑና ውሻው መካከለኛ ከሆነ ፕሪየስ ቪ የሚባለውን የቶዮታ መኪና አትርሳ። ከ2012 እስከ 2017 ነው እዚህ የተሸጠው። ታክሲ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ 34 ኪዩቢክ ጫማ ቦታ አለው፤ በጋሎን 40 ማይል ገደማ ይሄዳል። የባትሪውን ጤንነት ግን ሃይብሪድ (በነዳጅና በባትሪ የሚሠራ መኪና) የሚያውቅ መካኒክ ይይልህ።

ጥያቄ፦ ሆንዳ ሲአርቪ ላይ ሦስት ካርሲት ጎን ለጎን ይገባል?

መልስ፦ እንደ ካርሲቱ ነው። 17 ኢንች ስፋት ያላቸው ጠባቦች አሉ፤ በነሱ ሊገባ ይችላል። ሰፋፊዎቹ ከሆኑ እርሱት። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ርዝመቱን ነው። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጠው የሕፃኑ ካርሲት የፊቱን ወንበር ይገፋዋል። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካል።

ስለዚህ መኪና ልታዩ ስትሄዱ ካርሲቶቹን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አንዴ ሳልይዝ ሄጄ፣ ሻጩ "ይበቃል፣ ይበቃል" እያለ አጣደፈኝና ፈረምኩ። ቤት ደርሼ ሦስተኛው አልገባ አለ። የትልቋን ልጄን ቀበቶ ለመቆለፍ በሁለቱ ካርሲቶች መሃል እጄን ስሰድ ክንዴ ተላጠ። በየቀኑ ጠዋት እንደዛ ሆንን። አምስት ወር ታግሰን መኪናውን በኪሳራ ሸጥነው።

ሕጉንም ላስታውሳችሁ። በሦስቱም ቦታ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ በካርሲት ወይም በቡስተር (ልጁን ከፍ በሚያደርግ መቀመጫ) ነው የሚቀመጠው፤ 2 ዓመት ያልሞላው ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ። ዝርዝሩ በየግዛቱ ትንሽ ይለያያል። 8 ቢሞላም ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካልደረሰ ቡስተሩን አታውጡበት፤ ቀበቶው አንገቱ ላይ ያርፋል። ያገለገለ ካርሲት ከማታውቁት ሰው አትግዙ። አደጋ ይድረስበት አይድረስበት አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ውሻችን ትንሽ ናት፤ ፊት ወንበር ላይ አቅፌያት ብሄድ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እባክሽ አታድርጊው። ኤርባጉ ሲፈነዳ በአንቺና በኤርባጉ መሃል ያለችው እሷ ናት። ኋላ ብትቀመጥም ካልታሰረች ድንገት ፍሬን ሲያዝ ተወርውራ ልጅ ላይ ትወድቃለች። ትንሽ ውሻ በሳጥኗ ውስጥ ትግባ፤ ሳጥኑ ደግሞ ይታሰር። ለትልቅ ውሻ እኛ ቤት የምናደርገው ይሄ ነው፦ የሲየናው ሦስተኛ ረድፍ ለሁለት ይከፈላል። ሰፊውን ክፍል ወለሉ ውስጥ አጥፈን ውሻችን እዚያ ትተኛለች። የደረት ማሰሪያ አድርገንላት የዕቃ ማሰሪያ ቀለበቱ ላይ እናስራታለን። በአንገቷ ፈጽሞ አናስራትም። የቀረችው አንድ ወንበር ላይ ትልቋ ልጃችን ትቀመጣለች፤ እሷ ደስ ይላታል።

ለላብራዶር የሚሆን ሳጥን 42 ኢንች ርዝመት አለው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ለኩ። የኋላው በር ሲዘጋ መስታወቱ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ከላይም ከታችም ለኩት። የ2021ና ከዚያ ወዲህ ያለው ሲየና ሁለተኛ ረድፍ ወንበር ውስጡ ኤርባግ ስላለ እንደ ድሮው አውጥታችሁ ጋራዥ አታስቀምጡትም። ያንን የምትፈልጉ ከሆነ ኦዲሲ ይሻላችኋል።

ሙቀቱንም አትርሱ። ውጭ 70 ፋራናይት ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ 89፣ በግማሽ ሰዓት 104 ይደርሳል። መስኮት ትንሽ መክፈት አያድንም። ለልጅም ለውሻም "ቶሎ እመለሳለሁ" የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነጠላዬ በሙሉ የውሻ ፀጉር ነው። ጨርቅ ወንበር ነው ሌዘር የሚሻለው?

መልስ፦ ሌዘር፣ ወይም ሌዘር መሳዩ። ፀጉሩ አይሰካበትም። ያላችሁ ጨርቅ ከሆነ የጎማ ጓንት ትንሽ አርጥበሽ ወንበሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረጊው፤ ፀጉሩ እየተጠቀለለ ይነሳል። ቫኪዩም ከዚያ በኋላ ነው። እኛ እሁድ የምንለብሰውን ነጠላ መኪና ውስጥ አናጣፋም፤ ስንደርስ ነው ከከረጢት የምናወጣው።

ጥያቄ፦ እቁቤ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። በካሽ ልግዛ ወይስ ዳውን ፔይመንት አድርጌ አዲስ ልውሰድ?

መልስ፦ በካሽ ግዛ። ግን እቁቡን ሙሉ አትጨርሰው። ለታክስ፣ ለታርጋ፣ ለኢንሹራንስና ለመጀመሪያው ጥገና ቢያንስ 1500 ዶላር አስቀር። ቨርጂኒያ ከሆንክ መኪና ላይ በየዓመቱ የሚከፈል የንብረት ግብር እንዳለ አስብ። ብድር የግድ ካስፈለገህ ሻጩ ጋ ከመሄድህ በፊት ክሬዲት ዩኒየን ጠይቅ፤ ወለዱን አውቀህ ትገባለህ።

ጥያቄ፦ አዲስ ከገዛሁ በኋላ የድሮውን ሲየና አዲስ አበባ ለወንድሜ ብልክለትስ?

መልስ፦ አይሆንም። ከ2024 ጀምሮ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። እዚሁ ሸጠህ ገንዘቡን ላክለት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምገዛውን አግኝቻለሁ፤ ነገ ልከፍል ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ነገ አትክፈይ እናቴ፣ ከነገ ወዲያ ክፈይ። ዛሬ ማታ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የመኪናውን መለያ ቁጥር (ቪን) የናሽናል ሃይዌይ ትራፊክ ሴፍቲ (የመንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ አስገቢ፤ በነጻ ነው። ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ ለጥገና የጠራበት ጉድለት፣ ካለ ያሳይሻል። ከ2011 እስከ 2016 ያሉ ሲየናዎች የሚንሸራተተው በር እየሄዱ ሊከፈት ይችላል ተብሎ ተጠርተዋል። ከ2011 እስከ 2014 ያሉት ደግሞ ታካታ የተባለው ድርጅት በሠራው ጉድለት ባለው ኤርባግ ምክንያት። የአምራቹ ወኪል በነጻ ይሠራዋል፤ ልጅ ከመጫንሽ በፊት አሠሪው። ታይትሉን፣ ማለትም ሊብሬውን፣ አይተሽ "ሳልቬጅ" ወይም "ሪቢልት" (ክፉኛ ተጎድቶ የነበረ ወይም ከዚያ በኋላ የተጠገነ) የሚል ካለ ተይው።

ነገ መካኒክ ጋ ውሰጂው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ተነስቶ ድምፁ ይሰማ። ምንጣፉን ገልጠሽ አሽትቺ፤ የሻገተ ሽታ ወይም ከወንበሩ ሥር ዝገት ካለ ጎርፍ ገብቶት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ተንሸራታች በሮች አስር አስር ጊዜ ክፈቺ ዝጊ። ካርሲቶቹን ሁሉ አስገቢና ልጆቹን እሰሪ። ውሻውንም ይዘሽ ነይ፤ ሻጩ ቅር ቢለው ችግር የለውም። እንደገቡ አንድ ዙር ንጂው።