ሙዚቃን ለመረጡ ልጆቻችንና ለወላጆቻቸው

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ልጃችሁ ኮሌጁን ትቶ ራፕ ልሥራ ቢላችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት የራፐሩን የኒፕሲ ሀስልን የሥራ ታሪክ አብራችሁ እንድትመለከቱ እመክራችኋለሁ። ከኤርትራዊ አባት በሎስ አንጀለስ የተወለደው ኒፕሲ፣ በእውነተኛ ስሙ ኤርምያስ አስገዶም፣ በየሐበሻው ቤት ስሙ ይነሣል፤ የሚነሣው ግን ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2019 በገዛ ሱቁ ደጃፍ ስለ መገደሉ እንጂ ሀብቱን እንዴት እንዳፈራ አይደለም።

ኒፕሲ በመጀመሪያ ኢፒክ ሪከርድስ ከተባለ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራርሞ ነበር፤ በ2010 ከኩባንያው ተለይቶ «ኦል መኒ ኢን» በተባለው በራሱ ድርጅት ሥር መሥራት ያዘ። በ2013 «ክሬንሾው» የተሰኘውን የዘፈን ስብስቡን ማንም በነጻ እንዲያወርደው ለቀቀ፤ ጎን ለጎንም 1,000 ቅጂ ብቻ አሳትሞ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። ዝነኛው ራፐር ጄይ-ዚ ብቻውን 100 ቅጂ ገዛ። በነጻ ለሚገኝ ሥራ 100 ዶላር የሚከፍል ሰው ዘፋኙን መደገፉ ነው፤ እንዲህ ያለ ደጋፊ ደግሞ ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ እንጂ በአንድ ሌሊት አይገኝም። አትላንቲክ ከተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር በሽርክና ተዋውሎ «ቪክቶሪ ላፕ» የተባለውን፣ ለግራሚ የታጨውን አልበም በ2018 ያወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር። ስለዚህ፣ ከሙዚቃ ኩባንያ ሽሹ አልላችሁም፤ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ ነው የምለው።

ውል ሲቀርብላችሁ ከገንዘቡ መጠን በፊት የማስተሩ (የዋናው ቀረጻ) ባለቤት ማን እንደሚሆን ፈልጉ። ቅድሚያ ክፍያ የሚባለውን ኩባንያው ከአርቲስቱ ድርሻ እየቀነሰ ያስመልሰዋል፤ እስኪመለስ ድረስም ዘፈኑ ቢሸጥ እንኳ ለአርቲስቱ ምንም ላይደርሰው ይችላል። ውላችሁን የሙዚቃ ውል የሚያውቅ ጠበቃ ይየው፤ የቤት መግዣውን ውል ያስረዳችሁ ዘመድ አይበቃም።

እኛን ከኩባንያ ይልቅ የሚጎዳን ግን ይሉኝታ ይመስለኛል። የአክስት ልጅ ቢቱን (ራፑ የሚባልበትን የሙዚቃ ቅንብር) ይሠራል፣ ጓደኛ አዝማቹን ይጽፋል፣ «በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል» ይባላል፤ ዘፈኑ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ሽማግሌ ፍለጋ ይገባል። የአሜሪካ ሕግ የጋራ ደራሲያንን፣ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው፣ እኩል ባለድርሻ ያደርጋቸዋል፤ አንዱ ሙሉውን ግጥም ጽፎ ሌላው አዝማቹን ብቻ ቢሠራም እንኳ። ስለዚህ ከስቱዲዮ ሳትወጡ የእያንዳንዱን ስምና ድርሻ በመቶኛ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። በኢንተርኔት በርካሽ የተገዛ ቢትም ብዙውን ጊዜ የመጠቀሚያ ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አያስገኝም፤ የፈቃዱን ገደብ አንብቡት።

ዲስትሮኪድን የመሰለ አከፋፋይ ዘፈኑን ለስፖቲፋይና ለአፕል ያደርሳል፤ የደራሲነቱን ክፍያ ግን በሙሉ አይሰበስብላችሁም። ለዚያ የደራሲያንን ክፍያ ከሚሰበስቡት ድርጅቶች በአስካፕ ወይም በቢኤምአይ፣ በተጨማሪም ከኢንተርኔት ማዳመጫዎች የሚመጣውን የደራሲ ክፍያ በ2021 መሰብሰብ በጀመረው በኤምኤልሲ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ በዲጂታል ሬዲዮ ለቀረጻው የሚከፈለውን የሚሰበስበው ደግሞ ሳውንድኤክስቼንጅ የተባለው ድርጅት ነው።

በራስ ሥራ የተገኘ የተጣራ ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ለአይአርኤስ መታወቅ አለበት፤ ከመደበኛው የገቢ ግብር ሌላ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ግብርም ይኖረዋል። ወላጆችም ለስቱዲዮ ገንዘብ ስትሰጡ ብድር፣ ስጦታ ወይም የድርሻ ግዢ መሆኑን ከልጃችሁ ጋር በጽሑፍ አስቀምጡት፤ ወንድምና እኅቶቹ ኋላ መጠየቃቸው አይቀርም።