ስለ ማሪብ ግድብ ጠይቁ፤ መሐንዲሱ ይመልሳሉ

(መላሹ ጅማ ውስጥ መስኖ ላይ የሠሩ የቡድናችን አባል ናቸው። ጠያቂዎቹ የተጠሩት በጅማ ሰፈሮቻቸው በሄርማታ፣ በቆጪና በመንደራ ነው።)

የሄርማታው፦ ጋሼ፣ የመኑ የማሪብ የድንጋይ ግድብ ያን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆመ?

መሐንዲሱ፦ መጀመሪያ «የድንጋይ ግድብ» ማለቱን ተው። ሸለቆውን የዘጋው፣ 580 ሜትር ገደማ የሚረዝመው አካል አፈር ነው፤ ድንጋይ የለበሰው ፊቱን ብቻ። ጥርብ ድንጋዩ ያለው በሁለቱ ጫፍ፣ የውኃ መልቀቂያ በሮቹ ላይ ነው። በሮቹ አለት ላይ ስለ ተመሠረቱ ፍርስራሻቸው ዛሬም ይታያል፤ የአፈሩ ግድብ ግን አብዛኛው ታጥቦ ሄዷል። ጥበቡ ያለው እነዚያ በሮች ላይ ነው። ደራሽ ጎርፉን ከፍ አድርገው ግራና ቀኝ ወዳለው ማሳ ይከፍሉታል። ውኃ ለዓመት ማጠራቀም አልነበረም ሥራው!

የቆጪው ልጅ፦ ስንት ሜትር ኩብ ያጠራቅም ነበር?

መሐንዲሱ፦ አሁን ምን አልኩ?

የመንደራዋ፦ ታዲያ ለምን ፈረሰ? ቁርኣን በሱረቱ ሰበእ ጎርፉን ያነሳዋል።

መሐንዲሱ፦ ትርጓሜውን ለሼኾቹ ልተወው። እኔ የማውቀው ደለል ነው። ጎርፉ በየዓመቱ ደለል ያለብሳል፤ ማሳው ከፍ ይላል፤ ውኃው እንዲደርሰው ግድቡም ከፍ ይላል። ኋላ ላይ 14 ሜትር ገደማ ደርሷል። ከፍ ባለ ቁጥር ጥገናው የሕዝብ ዘመቻ ይጠይቃል፣ ዘመቻ ደግሞ የሚያዝ መንግሥት። የኛው የአክሱሙ አብርሃ፣ ያኔ የየመን ገዥ፣ እ.ኤ.አ በ548 ያስጠገነበትን በድንጋይ አስቀርጿል፦ ወረርሽኝ ገብቶ ሠራተኛውን አሰናብቶ ኋላ መልሶ ጠራው። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ግድቡ ተሰብሮ ቀረ።

የቆጪው ልጅ፦ «የኛው»? የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ላይ ያመፀ ሰው!

የመንደራዋ፦ ደግሞም ካዕባን ሊያፈርስ በዝሆን የዘመተው እሱ ነው ይባላል። እኔስ የኛ አልለውም።

የቆጪው ልጅ፦ ባመፀም በዘመተም የተወለደበት...

መሐንዲሱ፦ እናንተ ልጆች፣ ስለ ግድብ ነው የመጣነው።

የሄርማታው፦ እሺ፣ ግልገል ጊቤ 1ስ? ኮንክሪት ነው አይደል?

የቆጪው ልጅ፦ የድንጋይ ሙሌት ነው፤ አታይም እንዴ ስታልፍ?

መሐንዲሱ፦ የድንጋይ ሙሌት ነው፣ 40 ሜትር ከፍታ። ማሪብ ደለሉን ወደ ማሳ ያወጣ ነበር፤ ጊቤ ግን ሐይቁ ውስጥ ይዞት ይቀራል። አሁንም እላለሁ፣ ግድብ ሁሉ አንድ አይደለም።

የሄርማታው፦ መፍትሔውስ?

መሐንዲሱ፦ እሱ ተራራው ላይ ነው። የአፈር ጥበቃ ሰው ጠይቅ።