«ዶክ» ይለኝ የነበረው ልጅ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የ17 ዓመት ልጅ አቆመኝ። ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛው ትንሽ ይሰባበራል። «ጋሼ፣ የአሜሪካን ፉትቦል እጫወታለሁ። ዋይድ ሪሲቨር ነኝ፤ ሮጬ የሚወረወርልኝን ኳስ የምቀልበው። ጭኔን ከኋላ ይወጋኛል። ለአሰልጣኙ ልንገረው ወይስ ልቻለው?» አለኝ። እናቱ ከአጠገቡ ሆና «ፋርማሲ ተማር በልልኝ» ትላለች። ለሁለቱም ሳልመልስ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሥራዬ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የስፖርተኞችን ጉዳት መንከባከብ ነበር። ስጀምር ስለ ጨዋታው ምንም አላውቅም። እኛ ሰፈር ኳስ ማለት በካልሲ ውስጥ የታጨቀ ጨርቅ ነው፤ በእጁ የነካ ይቀጣል። እዚህ ደግሞ በእጁ ለሚቀልብ ልጅ ሚሊዮን ይከፈለዋል። ቆይቶ ግን ወደድኩት።

አንድ ልጅ ነበር። «ዶክ» ይለኝ ነበር። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን አንድ ቀንም አላረምኩትም። ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ።

ትልቁ የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ኤንኤፍኤል የኮሌጅ ልጆችን ኢንዲያናፖሊስ ላይ ወደሚፈትንበት ኮምባይን አልተጠራም። እንደሱ ላለው ልጅ የቀረችው ቀን ፕሮ ዴይ ናት። በመጋቢት የቡድኖቹ መልማዮች ሰዓታቸውን ይዘው ዩኒቨርሲቲው ድረስ ይመጣሉ። 40 ያርድ ያስሮጣሉ፤ 37 ሜትር አይሞላም።

በዋዜማው ማታ መጣና በሩን ዘጋው። የቀኝ ጭኑን ከኋላ በጣቴ ስጫነው ከንፈሩን ነከሰ። «ዶክ፣ ለማንም እንዳትነግር» አለኝ። ለቡድኑ ሐኪም መደወል ነበረብኝ። በረዶ ያዝኩለት፣ ጠዋት በፋሻ ጠቀለልኩለት፣ «ትችላለህ» አልኩት። አዘንኩለት ብዬ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱ ግን ኤንኤፍኤል የገባ ልጅ «እሱ ነው ያዳነኝ» እንዲለኝ ፈልጌ ነው።

30 ያርድ አካባቢ ጭኑን ይዞ ወደቀ። መልማዮቹ አልጮኹም። አንዱ ሰዓቱን አየ፣ የሆነ ነገር ጻፈ፣ ቀና ብሎ የሚቀጥለውን ልጅ ጠራ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ ያልጠፋው ያ ቀና ማለቱ ነው። አዳዲስ ተጫዋቾች በሚመረጡበት በሚያዝያው ድራፍት 32ቱም የኤንኤፍኤል ቡድኖች ሰባት ዙር ሙሉ መረጡ፤ ስሙ አልተጠራም። በቀጣዩ ዓመት ሞከረ፤ በሩ ላይ አዳዲስ ልጆች ተሰልፈው ነበር። ያኔ «አልሮጥም፣ የጨዋታ ቪዲዮዬን እዩልኝ» ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህን አማራጭ አውቀው ነበር። አልነገርኩትም።

ፍጥነት ሁሉም ነገር አይደለም። ታላቁ ሪሲቨር ጄሪ ራይስ በሩጫው ማንንም አላስደነቀም። በ1985 ወደ ኤንኤፍኤል የመጣው ሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት ከሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነው። አባቱ ግንበኛ ነበሩ፤ እጁን ያፍታታው ወንድሞቹ የሚወረውሩለትን ጡብ እየቀለበ ነው። በቀለባቸው ኳሶች 22,895 ያርድ አስመዝግቦ ጡረታ ወጣ፤ እስካሁን የደረሰበት የለም። ይህን ስል ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም። 40 ያርድን በ4.3 ሰከንድ የሮጠ ልጅ እጁ ድንጋይ ቢሆንም አንድ ቡድን ይሞክረዋል። አይቻለሁ።

ስለ ጥናትና ስለ እንቅልፍ እናቶቻችሁ ይንገሯችሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። በአንድ የኤንኤፍኤል ቡድን የክረምት ልምምድ 90 ተጫዋች ይገባል፤ ለውድድሩ 53 ይቀራል። አምስተኛው ሪሲቨር ቦታ የሚያገኘው በመቅለብ ብቻ አይደለም፤ ኳስ ሲለጋ ሮጦ ተጋጣሚውን በመጣል ጭምር ነው። የዛሬ ልጆች ግን በአንድ እጅ የቀለቡትን ቪዲዮ ይለጥፋሉ። ያ የሚያጣብቅ ጓንት እኮ ግማሹን ሥራ ይሠራላቸዋል! ለጓደኛው መንገድ ሲከፍት የሚያሳይ ቪዲዮ የለጠፈ ልጅ እስካሁን አላየሁም። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ገና ኮሌጅ እያሉ ከማስታወቂያ ገንዘብ ያገኛሉ። አልቀናሁም። እሺ፣ ትንሽ።

ያ ልጅ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያሠለጥናል። አልፎ አልፎ ይደውልልኛል፤ ስለዚያች ማታ አንስተን አናውቅም።

አንተ ደግሞ፣ የእሁዱ ልጅ፣ ነገ ጠዋት ለአሰልጣኝህ ንገረው። ስለ ፋርማሲው ከእናትህ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። እሁድ ስትመጣ ጭንህን አየዋለሁ። ዶክ ግን እንዳትለኝ።